ተርፎ መገኘት የእምነት ምስክር ነውን?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1620 ሜይፍላወር የተባለችው መርከብ 102 ያህል መንገደኞችን ይዛ ዛሬ ማሳቹሴትስ በሚባለው ምድር ዳርቻ መልሕቋን ጣለች። የበረዶው ወራት ሳያልፍ ከመንገደኞቹ ግማሽ ያህሉ በበሽታ አለቁ። የቀሩት ፕሊመዝ የተባለውን ሰፈር አጸኑ። ከዚያ ወዲህ ታሪካቸው በብዙ ስብከት ውስጥ አንድ መልእክት ሲሸከም ኖሯል፦ አመኑ፣ ተፈተኑ፣ እግዚአብሔርም አተረፋቸው። ይህን አነባበብ አልቀበለውም። እምነታቸው ከልብ እንደ ነበር አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ተርፎ መገኘት የእምነት ምስክር ሊሆን አይችልም። ምስክሩ መፈለግ ያለበት መከራው በጸናበት ሰዓት ማን የማንን ሸክም ተሸከመ ብሎ በመጠየቅ ነው። በዚህ ሚዛን የፕሊመዝ ሰዎች አንድ ጊዜ ከተወራላቸው በላይ ከፍ ይላሉ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ እጅግ ዝቅ ይላሉ።

መትረፍ ምስክር ከሆነ የሞቱት ምን ሊባሉ ነው? በዚያችው መርከብ መጥተው በዚያው ጸሎት የቆሙት እምነታቸው ጎድሎ ነበርን? የመጀመሪያው አስተዳዳሪ ጆን ካርቨር በ1621 ጸደይ ሞተ። በእሱ ቦታ የተመረጠው ዊልያም ብራድፎርድ፣ ሚስቱ ዶረቲ ገና መርከቧ ወደብ ላይ ሳለች ባሕር ውስጥ ወድቃ ሞታበት ነበር። ከሰው መከራ ተነሥቶ ኃጢአቱን ማስላት የኢዮብ ወዳጆች ስሕተት ነው፤ ከሰው መትረፍ ተነሥቶ ጽድቁን ማስላትም የዚያው ስሕተት ሌላ ገጽታ ነው። ደግሞስ በ1607 ቨርጂኒያ ውስጥ የተመሠረተው ጄምስታውን እምነት የለሽ ሰፈር አልነበረም፤ ሮበርት ሀንት የተባለ ካህን ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ጋር አብሮ መጥቷል። ቢሆንም ከ1609 እስከ 1610 በዘለቀው የረኃብ ወቅት ከብዙ መቶ ሰዎች 60 ያህሉ ብቻ ቀሩ። ከዚያ በኋላ የወጣው ጥብቅ ሕግ በቀን ሁለት ጊዜ ለጸሎት መገኘትን ግዴታ አደረገ፤ የቀረ ሰው የዕለት ቀለቡን ይነጠቃል፣ ከደገመ ይገረፋል። ቀለብ በመንጠቅ የተሰበሰበ ጉባኤ ሥርዓት ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ ለሌላው እንዲራራ ግን ማንም በጅራፍ ሊያስገድድ አይችልም።

የፕሊመዝን ክረምት ልዩ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው። ብራድፎርድ በጻፈው ታሪክ እንደሚናገረው፣ በሽታው እጅግ በበረታ ጊዜ በእግራቸው የቆሙት ስድስት ወይም ሰባት ሰዎች ብቻ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች እንጨት ይፈልጡ፣ እሳት ያነዱ፣ ምግብ ያበስሉ፣ የድውያኑን የቆሸሸ ልብስ ያጥቡ፣ ያለብሷቸውም ነበር። ከመካከላቸው አንዱ የሃይማኖት ማኅበራቸው ሽማግሌ ዊልያም ብሩስተር፣ ሌላው የጦር አለቃው ማይልስ ስታንዲሽ ነበሩ። በዚያ ዘመን ሥልጣን ያለው ሰው የሌላውን እድፍ ማጠቡ የሚጠበቅ ነገር አልነበረም። በመርከቧ ላይ ከተሳፈሩት መካከል ብዙዎቹ የማኅበሩ አባላት አልነበሩም፤ ለመውረድ ሲቃረቡ ማንም ሊያዘን አይችልም ብለው ያጉረመረሙ ነበሩባቸውና ነው 41 ወንዶች የጋራ መተዳደሪያ ቃል ኪዳን የፈረሙት። የወረቀቱን ቃል በሥራ ያጸናው ግን ያ የማስታመም ሥራ ይመስለኛል። መሪው እንዲታዘዙት የሚያበቃው ነገር ምን እንደሆነ ሁሉም በዓይኑ አይቷል።

ሰው ያለ እምነትም የራሱን ወገን ያስታምማል የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ብራድፎርድ ከዚያው ጋር የመርከበኞቹን ነገር ይነግረናል። በሽታው እነሱንም ሲይዛቸው በደጉ ጊዜ አብረው ይጠጡ የነበሩት ጓደኛሞች እርስ በርስ ተሸሻሹ። ከመርከቡ ሹማምንት አንዱ መንገደኞቹን ሲሰድብና ሲያፌዝባቸው የነበረ ወጣት ነው፤ ሲታመም ያስታመሙት እነዚያው የተሰደቡት ነበሩ፤ እሱም ይህ እንደማይገባው ተናገረ። ይህ እንግዲህ ለወገን ማድላት አይደለም። እምነታቸው ከፍ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ ከሌላ ወገን ይመጣል። የፕሊመዝ ሰዎች የተረፉት በጸሎታቸውም በፍቅራቸውም ሳይሆን በአካባቢው ይኖር በነበረው በዋምፓኖአግ ሕዝብ ቸርነት ነው ይባላል። ይህን እኔም እቀበላለሁ፤ ክርክሬንም ያጸናልኛል። የበቆሎ አዘራር ያስተማራቸው ቲስኳንተም በ1614 በእንግሊዛዊ መርከበኛ ተጠልፎ ስፔን ውስጥ ለባርነት የተሸጠ ሰው ነበር። በ1619 ወደ አገሩ ሲመለስ መንደሩ ፓተክሰት በወረርሽኝ ጠፍቶ አገኘው። ፕሊመዝ የተተከለው በዚያው ባዶ መንደር ላይ፣ ሌሎች በመነጠሩት ማሳ ላይ ነው። ንጉሥ ጄምስ በ1620 ለኒው ኢንግላንድ የሰጠው ቻርተር ያንን እልቂት የእግዚአብሔር ሥራ አድርጎ ይጠቅሰዋል። መትረፍን የጽድቅ ምስክር ያደረገ አስተሳሰብ መጨረሻው ይህ ነው፤ የጎረቤቱን ሬሳ እንደ በረከት ይቆጥራል።

የከፋው ፈተና የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1623 ስታንዲሽ፣ ያ የሕሙማንን ልብስ ያጠበው ሰው፣ ዌሳገሰት በተባለው ሌላ የእንግሊዞች ሰፈር ማሳቹሴት የተባለውን የአገሬውን ሕዝብ ተዋጊዎች ወደ ቤት አስገብቶ ገደለ፤ የአንደኛው ራስ ተቆርጦ በፕሊመዝ ምሽግ ላይ ተሰቀለ። ሴራ እንዳለ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸው ነበር፣ ያስጠነቀቃቸውም የዋምፓኖአግ መሪ ማሳሶይት ራሱ ነው ብለው የሚከራከሩላቸው አሉ። ፍርሃታቸው መሠረት እንደ ነበረው አልክድም። ነገር ግን የዘመኑ ሰው በዘመኑ ሚዛን ይመዘን የሚለው መከላከያ እዚህ አይሠራም፤ የዘመናቸው ሰው መዝኗቸዋልና። በሆላንድ ላይደን የቀረው መጋቢያቸው ጆን ሮቢንሰን ወሬውን ሲሰማ ጽፎ ገሠጻቸው፦ ማንንም ከመግደላችሁ በፊት አንዳንዶቹን ወደ እምነት መልሳችሁ ቢሆን ምንኛ ደስ ባለኝ አላቸው፤ ስታንዲሽም በእግዚአብሔር አምሳል ለተፈጠረ ሰው ሕይወት ርኅራኄ ሊጎድለው እንደሚችል ያለውን ስጋት ገለጸ። ይህን የተናገረው ያንኑ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን የእምነታቸው ብቻ ማድረግም ፍትሕ አይሆንም፤ እምነታቸው የሚሰድባቸውን መርከበኛ እስከ ማስታመም ደርሶ፣ በምድሪቱ ባለቤት ደጅ ላይ ሲደርስ እነሱ ራሳቸው አቆሙት።

ሮቢንሰን ውቅያኖሱን ሳይሻገር በ1625 ላይደን ውስጥ ሞተ። የተግሣጹን ደብዳቤ ለትውልድ ያቆየው ግን የተገሠጸው አስተዳዳሪ ነው፤ ብራድፎርድ ደብዳቤውን በገዛ እጁ ታሪኩ ውስጥ ገልብጦታል።