ስለ ገበያና ስለ ሕሊና ነጻነት

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሰዎች ስለ ነጻነት ሲነጋገሩ የገበያን ነጻነት ለነጋዴ፣ የሃይማኖትን ነጻነት ለቄስና ለሼክ አከፋፍለው ሲሰጡ ሳትሰማ አትቀርም። ሸቀጥ የሥጋ ጉዳይ ነው፣ እምነት የነፍስ ጉዳይ ነው፣ ስለዚህ የአንዱ መታሰር ሌላውን አይነካውም ይላሉ። እኔም በወጣትነቴ አሳቤ ይኸው ነበረ። የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ሆነ ገንዘብን እንደ ርኩስ ነገር ስመለከት አደግሁ፤ ነጋዴም በዐይኔ ከቀራጭ የማይሻል ሰው ነበረ። ይህን አሳቤን ያስለወጠኝ አንድ ኪሎ ስኳር ነው ብልህ ምናልባት ትስቅ ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት አደረገ። የመሬቱን አዋጅ ጭሰኛ የነበረ ሁሉ በእልልታ እንደ ተቀበለው መካድ እውነትን መካድ ነው። ነገር ግን ነገሩ በዚያ አልቆመም። ገበሬው እህሉን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ፣ በኮታ፣ ለመንግሥት ድርጅት እንዲያስረክብ ታዘዘ፤ ምርቱ ያነሰበትም ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ ነበረ። በየመንገዱ ኬላ ቆመ። በከተማም ስኳር፣ ሳሙናና ዘይት ከቀበሌ የኅብረት ሱቅ በካርድ የሚታደል ሆነ።

እኔ በ1971 ዓ.ም. በአንዲት ትንሽ የወረዳ ከተማ አዲስ አስተማሪ ነበርሁ፤ ሕመምተኛ እናቴም ከእኔ ጋር ትኖር ነበር። የቀበሌያችን ስብሰባ እሑድ ጠዋት ይጠራል፤ ሰዓቱም ከጸሎታችን ሰዓት ጋር አንድ ነው። ሦስት እሑድ ከቀረሁ በኋላ ሊቀ መንበሩ ጠራኝና፣ «የመጤ ሃይማኖት ተከታይ መሆንህን እናውቃለን። አናስርህም፤ ካርድህ ግን ለሚሰበሰብ ሰው ነው» አለኝ። ዱላ አላነሣም፤ ድምፁንም አላሰማም። እኔም አራት ወር ሙሉ ከጸሎት ቀረሁ። በዚያው ዓመት ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ መገደላቸውን ያወቅሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እነርሱ ነፍሳቸውን በሰጡበት ወራት እኔ የእሑድ ጠዋቴን በስኳር ሸጬ ነበር።

በገበያው ዳር ሐጂ እያልን የምንጠራቸው አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ። አንድ ቀን ማታ በሱቃቸው ደጅ ሳልፍ፣ «ልጄ፤ ለእናትህ ስኳር አለ፤ ዋጋው ግን የቀበሌው አይደለም» አሉኝ። ይህ በዘመኑ ሕግ ወንጀል ነበረ። ዋጋውም እጥፍ ነበረ፤ አንድ ሳንቲም እንኳ አልቀነሱልኝም። በሚከተለው እሑድ ግን ወደ ጸሎት ተመለስሁ።

ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ይህ ነው። ቀበሌው ስኳሩን በርካሽ እየሰጠ ሕሊናዬን ይጠይቀኝ ነበር፤ ሐጂ ግን በውድ እየሸጡ ከብሬ በቀር ምንም አልፈለጉም። የእርሳቸው ትርፍ ፈላጊነት ከመሰብሰቢያው አዳራሽ ፍቅር ይልቅ ለእምነቴ የሚራራ ሆነ። እንጀራ የሚያድለው እጅ አንድ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፣ ያ እጅ ሌላውንም ነገር መጠየቁ አይቀርም፤ እጁ የክፉ ሰው መሆኑም ግድ አይደለም።

ይህን የመሰለ ነገር ከዚያ በፊትም በአገራችን ታይቶአል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የወሎን ሙስሊም ሹማምንት ወይ ተጠመቁ ወይ ሹመታችሁን ልቀቁ ባሉ ጊዜ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ቀጥሎም ራስ፣ በኋላም ንጉሥ ሆኑ። በሰሜኑ ክፍል በሃይማኖታቸው ምክንያት ርስት የተከለከሉ ሙስሊሞች ወደ ንግድና ወደ ሽመና፣ ቤተ እስራኤልም ወደ ቀጥቃጭነትና ወደ ሸክላ ሥራ ያዘነበሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ርስት ከስፍራው የማይነቃነቅ ነበረ፤ የነጋዴ ሀብት ግን በበቅሎ ተጭኖ ይሄድ ነበር።

የፈረንሳዩ ጸሐፊ ቮልቴር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1733 ስለ እንግሊዝ አገር ባሳተማቸው ደብዳቤዎች፣ በለንደን የንግድ አዳራሽ አይሁዳዊ፣ እስላምና ክርስቲያን የአንድ ሃይማኖት ሰዎች መስለው እንደሚገበያዩ፣ ከሓዲ የሚባለውም የከሰረ ሰው ብቻ እንደ ሆነ በፌዝ ይናገራል። እኛ ግን ይህን ለማወቅ ለንደን መሄድ አያስፈልገንም። በከተማችን የክርስቲያን ሥጋ ቤትና የሙስሊም ሥጋ ቤት ለየብቻ ናቸው፤ ማንም የሌላውን ሥጋ አይበላም። በሬው ግን የሚገዛው ከአንድ የከብት ገበያ ነው፤ ማን እንዳሳደገው የሚጠይቅም የለም። ገበያው እምነቱን አላጠፋውም፤ እምነቱም ገበያውን አልዘጋውም።

ይሁን እንጂ ገበያን እንደ ታቦት ተሸክመህ እንድትዞር አልመክርህም። እኔ ከሐጂ ስኳር የገዛሁት ደመወዝ ስለ ነበረኝ ነው። ጎረቤቴ የነበረችው ጠላ ሻጭ ግን እጥፉን ዋጋ ከየት ታመጣ ነበር? እርስዋ ስብሰባዋን ትሰበሰብ ነበር፤ ማንም አልወቀሳትም፤ እኔም አልወቅሳትም።

ከዚህ የባሰውን ደግሞ ልንገርህ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የእምነትን፣ በአንቀጽ 40 የግል ንብረትን መብት አጸና፤ መሬቱን ግን ለመንግሥትና ለሕዝብ ተወው። እኔም ከዓመታት በኋላ የምትከራይ አንዲት ክፍል ሠራሁ። አንድ ወጣት ከነሚስቱ መጣ፤ በትሕትና ጠየቀኝ፤ ዋጋዬንም አልተከራከረም። ሙስሊም ነበረ። የጸሎት ወንድሞቼ ምን ይሉኛል ብዬ «ተይዛለች» ስል ዋሸሁ። እርሱም፣ «እሺ አባቴ፤ አላህ ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። ያስገደደኝ ሊቀ መንበር አልነበረም፤ ገበያውም ነጻ ነበረ፤ በነጻነቴ ያደረግሁት ነው። በከተማው ያለ አከራይ ሁሉ እንደ እኔ ያደረገ እንደ ሆነ፣ ያ ወጣት ከቀበሌው ካርድ የሚለይ ምን ነገር ያገኛል?

እንግዲህ ሕግ እንዲህ ያለውን አከራይ ያስገድደው ወይስ አያስገድደው? በሐኪም ቤት፣ በትምህርት ቤትና በውኃ ቦኖ ያስገድድ እላለሁ፤ በዚህ አልጠራጠርም። በሰው ጓሮ ውስጥ ባለች ክፍል ግን እስከ ዛሬ ቁርጥ አሳብ የለኝም፤ ያችን የእኔን በር የሚከፍት ሹም የእሑድ ጠዋቴንም እንዳይጠይቀኝ እፈራለሁና።

ክፍሊቱ ሁለት ወር ባዶዋን ከረመች። ሐጂ በዚያን ጊዜ ሞተው ነበር። ልጃቸው አሁንም በዚያችው ሱቅ ይሸጣል፤ ከእርሱ ስኳር ስገዛ ዐይኑን ማየት ያስቸግረኛል።