ሰው የርቀት መለኪያ ሲሆን

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሰሞን፣ የአሥራ አምስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ኮምፒዩተር ላይ ሲጫወት ከጀርባው ቆሜ አየሁት። በስክሪኑ ላይ አንድ ኮረብታ፣ ከኮረብታው ማዶ ደግሞ አንድ ወታደር ቆሟል። ልጁ በማነጣጠሪያው መነጽር እያየው ነው፤ ግን አልተኮሰም። እስክሪብቶ አነሳና ደብተሩ ላይ ቁጥር ጻፈ፤ አካፈለ። «አጎቴ፣ 500 ሜትር ነው» አለኝ።

«እንዴት አወቅህ?»

«ሰውየውን አንድ ሜትር ከሰባ ነው ብለህ ያዝ።»

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሒሳብ አይወድም እየተባለ ስሞታ የሚቀርብበት ልጅ ማንም ሳያዘው ማካፈል ይሠራል! ስሌቱንም አስረዳኝ። በመነጽሩ ውስጥ ሚል የሚባሉ ጭረቶች አሉ። አንድ ሚል በ1000 ሜትር ርቀት ላይ የአንድ ሜትር ቁመት ይሸፍናል። ስለዚህ የሰውየው ቁመት በ1000 ተባዝቶ፣ ሰውየው በመነጽሩ ውስጥ በያዘው ሚል ሲካፈል ርቀቱ ይገኛል። 1.7 ሜትር የሆነ ሰው 3.4 ሚል ከያዘ 500 ሜትር ላይ ቆሟል ማለት ነው። ሶቭየቶች እ.ኤ.አ. በ1963 ለሠራዊታቸው የተቀበሉት የድራጉኖቭ ጠመንጃ መነጽር ደግሞ ማካፈሉንም ያስቀራል። ከታች አግድም መስመር፣ ከላዩ ጎበጥ ያለ መስመር ተሥሎበታል። የሰውየው እግር ከታችኛው፣ ራሱ ከላይኛው መስመር ጋር ሲገጥም፣ እዚያ ላይ ያለው ቁጥር ከ200 እስከ 1000 ሜትር ያለውን ርቀት ይናገራል። ይህም የተሠራው ሰው ሁሉ 1.7 ሜትር ነው በሚል ግምት ነው።

ልጁ የሚጫወተው «አርማ» የሚባለውን፣ ቦሂሚያ ኢንተርአክቲቭ የተባለው የቼክ ኩባንያ የሠራውን ጨዋታ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2001 «ኦፕሬሽን ፍላሽፖይንት»ን ካወጣ ወዲህ የሚታወቀው እውነተኛውን ጦርነት በመምሰል ነው። ጥይቱ እየራቀ ሲሄድ ይወድቃል፤ ለመድረስም ጊዜ ይወስዳል። የድራጉኖቭ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 830 ሜትር ይሄዳል፤ እየሄደ ግን ይደክማል። 800 ሜትር ላይ ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። በዚያች ሰከንድ ውስጥ የታለመው ሰው አንድ እርምጃ ሊራመድ ይችላልና ተኳሹ ሰውየው ያለበትን ሳይሆን የሚደርስበትን ማለም አለበት።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? በየመስጊዱ በራፍ በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንዱ «ሁሉም ሐራም ነው፤ ኮምፒዩተሩን ስበሩት» የሚል ነው። ሌላው «ሥዕል አይደል እንዴ? ምን ይጎዳል?» የሚል ነው። እኔ ዓሊም አይደለሁምና ፈትዋ አልሰጥም። ግን ሁለቱም ከማሰብ የሚያሳርፉ መልሶች ይመስሉኛል።

ለመጀመሪያዎቹ የምለው፦ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀስት መወርወርን ማበረታታታቸውን ሁላችንም እናውቃለን። አነጣጥሮ መምታት በራሱ የተናቀ ሙያ አይደለም። ለሁለተኛዎቹ ደግሞ፦ የጨዋታው ሥዕል እውነተኛ ጦርነት እየተባለ ሲሰራጭ ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ዓ.ም. ገደማ መግለጫ አውጥቶ «ይህ የእኛ ጨዋታ ነው» ለማለት ተገዷል። ጢማችን የሸበተ ሰዎች ለይተን ያላወቅነውን፣ ልጅ ልዩነቱን አሳምሮ ያውቃል ብለን እንዴት እንተኛለን? በዚያ ላይ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ልጇን ያጣች እናት በምትኖርበት ሰፈር ውስጥ ነው ጨዋታው የሚጫወተው።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን አንድ የታወቀ ዘገባ ነው። የዑመር ልጅ ዐብዱላህ (ረ.ዐ.) አንድ ወፍ አስረው በየተራ ቀስት የሚወረውሩ ወጣቶች ያጋጥሙታል። የሳተው ቀስት ሁሉ ለወፏ ባለቤት ይሰጣል። ወጣቶቹ ዐብዱላህን ሲያዩ ተበተኑ። እርሱም ነፍስ ያለውን ነገር ዒላማ የሚያደርግን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መርገማቸውን ተናገረ። እነዚያ ወጣቶች ወፏን አልጠሏትም፤ አልተራቡምም። ይጫወቱ ነበር። ነቀፌታው የወደቀው በጥላቻ ላይ ሳይሆን በጨዋታው ላይ ነው።

እርግጥ ነው፣ በስክሪን ላይ ያለው ወታደር ነፍስ የለውም፤ አይታመምም። ስለዚህ ቂያሱ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ አንባቢ ይህን ሳይነግረኝ ራሴው ልናገር። ጨዋታውን የሠሩትም ቢሆኑ ጉዳዩን አላሰቡበትም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2017 ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር ተባብረው ስለ ጦርነት ሕግ የሚያስተምር ተጨማሪ ክፍል አውጥተዋል፤ ተጫዋቹ በዚያ ፈንጂ የሚያመክን የእርዳታ ሠራተኛ ይሆናል። መልካም ነው። የእኔ ጥያቄ ግን በስክሪኑ ውስጥ ስላለው ሰው ሳይሆን ከስክሪኑ ውጭ ስላለው ዓይን ነው።

ባስራ ተወልዶ ካይሮ ላይ የሠራው ኢብኑል ሐይሠም ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት በ«ኪታቡል መናዚር» ይህንኑ የርቀት ነገር መርምሮ ነበር። እንደ እርሱ አስተያየት ዓይን የአንድን ነገር ርቀት በትክክል የሚገምተው፣ በተመልካቹና በዚያ ነገር መካከል የተዘረጋውን መሬት አከታትሎ ሲያይና መጠኑን ሲያውቅ ነው። መሬቱን ያወቅነው ደግሞ በእግራችን ስለሄድንበት፣ በክንዳችን ስለለካነው ነው። መነጽሩ የሚያጠፋው ይህንን መካከል ነው። ጅረቱ፣ ማሳው፣ አጥሩ ከክቡ ውጭ ይቀራሉ። የሚቀረው ሰውየው ብቻ ነው፤ እርሱም ሰው ሆኖ ሳይሆን 1.7 ሜትር ሆኖ።

ይህ ፍልስፍና ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ከሳምንት በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። ከዐሱር ሶላት በኋላ በኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ ከልጁ ጋር ተቀምጠናል። እናቴ ከገበያ ስትመለስ ከሩቅ ታየች። ዘንቢሏን መብራት እንጨት ሥር አስቀምጣ ከአንዲት ጎረቤት ጋር ወሬ ይዛለች። ልጁ ማስመሪያውን በተዘረጋ ክንዱ ያዘና አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ስድስት ሚሊ ሜትር ያዘችለት። «አያቴ 170 ሜትር ላይ ናት» አለ።

ብርድ ብርድ አለኝ። ልጁ ምንም ክፋት አልነበረበትም፤ የሚወዳት አያቱ ናት። ግን ያየበት አስተያየት ያው የኮረብታው አስተያየት ነው።

«ውረድና በእርምጃ እንቁጠረው» አልኩት። ከበረንዳው ሥር ተነስተን እስከ መብራት እንጨቱ ድረስ 200 እርምጃ ሆነ። በልጁ እርምጃ 150 ሜትር ያህል ነው። ቆም ብሎ አሰበ። «አያቴ አጭር ናት፤ ረስቼው ነው» አለ። አዎ፣ እናቴ ዕድሜ አጉብጧት አሁን አንድ ሜትር ተኩል ብትሆን ነው።

«ምንድን ነው የምትቆጥሩት?» አለችን እናቴ። ልጁ አፈረ። ዘንቢሉን ከእጇ ተቀብሎ ወደፊት ሄደ።

በመንገድ ላይ ጠብቆኝ «ከእንግዲህ አልጫወት?» ሲል ጠየቀኝ። አልከለከልኩትም፤ ይህን ስጽፍም መከልከል ይኖርብኝ እንደነበር እያሰብኩ ነው። ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሰው አትለካ፤ በበር ለካ፣ በመብራት እንጨት ለካ።

«እንጨቱ ቁመቱ ስንት ሜትር ነው?» አለኝ።

አላውቅም ነበር። በየቀኑ በሥሩ አልፋለሁ።