የጠያቂው ስም

አበው «ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። ደጃዝማችነቱስ ይቅር፤ ባለመጠየቅ መጽሐፍም ይቀራል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ደጋግሜ ያየሁት ነው፤ ተማሪው ጥያቄውን ይዞ ይመጣና ሰው ሲያይ ይውጠዋል። ይሉኝታ ነው ሌላ አይደለም።

ሳሙኤል ግሪን የተባለ አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1876 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ባለሙያው አንባቢውን በወዳጅነት ቀርቦ እንዲረዳ መክሮ ነበር። ያን ጊዜ መቅረብ ማለት ፊት ለፊት መገናኘት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ግን የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትና ኦ.ሲ.ኤል.ሲ. «ኩዌስችን ፖይንት» የተባለውን አገልግሎት ሲጀምሩ፣ ጠያቂና ተጠያቂ በያሉበት ሆነው በኮምፒዩተር መነጋገር ያዙ። ዛሬ የቤተ መጻሕፍት ቻት በብዙ አገር የተለመደ ነው።

ፊት አለመተያየቱ ጉዳት አለው። «ስለ ስኳር በሽታ መጽሐፍ አላችሁ?» ብሎ የጻፈ ሰው፣ የልቡ ጥያቄ «ለልጄ ዛሬ ምን ላብላው?» ሊሆን ይችላል። ፊት ለፊት ቢሆን ጭንቀቱ ከዓይኑ ይነበብ ነበር። በቻት ግን ባለሙያው መልሶ ካልጠየቀው ከየት ያውቃል? ቢሆንም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ነውና፣ ስለ ሕመሙ ወይም ስለ ፍቺው አፍ አውጥቶ መጠየቅ ያልደፈረ ሰው በጣቱ ከጠየቀ ትልቅ ነገር ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንል ነበር። በቃል የተጠየቀ ጥያቄ ከአፍ ወጥቶ ይጠፋል፤ የቻቱ ግን ተጽፎ ይቀመጣል። ታዲያ ማን ይወርሰዋል? እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የአሜሪካው «ፓትሪዮት አክት» በአንቀጽ 215 ለመርማሪዎች የቤተ መጻሕፍት መዝገብ ሳይቀር የሚጠይቁበትን በር ከፍቶ ነበር። በ2003 የሳንታ ክሩዝ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የአንባቢዎችን ወረቀት በየቀኑ ይቀዳድዱ ነበር። አንቀጹ በ2020 ጊዜው አበቃ፤ ጥያቄው ግን አላበቃም።

መዝገቡ አገልግሎቱን ለማሻሻል ይጠቅማል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ይጠቅማል። ለዚያ ግን ጥያቄውና መልሱ ይበቃል፤ ስም ምን ያደርጋል? የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ1939 ባጸደቀው የሥነ ምግባር ደንብ የአንባቢን ምስጢር መጠበቅ የባለሙያው ግዴታ ነው ብሏል። አደራ በቃልም በጽሑፍም ያው አደራ ነው። መልሱ ይቀመጥ፤ የጠያቂው ስም ይጥፋ። አለዚያ ከይሉኝታ ያወጣነውን ሰው መልሰን ለፍርሃት እንሰጠዋለን፤ የፈራ ሰው ደግሞ አይጠይቅም።