ፊርማ የሚመሰክረው

በቆላ ድባ በገበያ ቀን አንድ ሰው በመጫወቻ ካርታ ምትሐት ያሳያል እንበል። ከተመልካቾች አንዱን ጠርቶ፥ «አንድ ካርታ ምረጥ፤ ፈርምበትም» ይለዋል። የተፈረመበትን ካርታ ከሌሎቹ ጋር ይቀላቅለዋል፤ ጥቂት ቆይቶም ከራሱ ኪስ ያወጣዋል። ፊርማው የዚያው ተመልካች ነውና ሁሉም ይደነቃል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ፊርማው ምን መሰከረ? ካርታው በሌላ አለመለወጡን ብቻ ነው። የምትሐተኛው እጅ በስውር የሠራውን ግን አልመሰከረም። እንዲያውም በፊርማው ስለ ተማመንን እጁን መከታተል ተውን። ቢሆንም ምትሐተኛው አይወቀስም፤ እንደሚያታልለን አውቀን ቆመናልና።

ነገሩ በውል ላይ ሲሆን ግን ጨዋታነቱ ይቀራል። በ1881 ዓ.ም. በውጫሌው ውል ላይ ያረፈው የዳግማዊ ምኒልክ ማኅተም እውነተኛ ነበረ። ነገር ግን በ17ኛው አንቀጽ፥ አማርኛው ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መነጋገር ይቻላል ሲል፥ ኢጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ከዚህ የተነሣው ጠብ በ1888 ዓ.ም. እስከ ዓድዋ አደረሰ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ።

እንግዲህ ፊርማ ስለ ፈራሚው እጅ እንጂ ስለ ሌላው እጅ አይመሰክርም። ስለዚህ የብድር ወይም የመሬት ኪራይ ወረቀት ሲቀርብልህ፥ ከመፈረምህ በፊት እስከ መጨረሻው አንብብ። ፊደል ላልቈጠረው ጎረቤትህም አውራ ጣቱን ከማሳረፉ አስቀድመህ ቃል በቃል አንብብለት። መማርህ ለዚህ ካልጠቀመ ለምን ሊጠቅም ነው?