ሐሜት ነው ወይስ ምስክርነት?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዱባይ ኢንቨስትመንት ፓርክና በአካባቢው ለምንኖር አውሮፕላን ብርቃችን አይደለም። የአል መክቱም አውሮፕላን ማረፊያ ጎረቤታችን ነው። ከመጋዘኑና ከፋብሪካው ወጥተን ወደ ካምፓችን ስንመለስ ቀና ካልን ሲነሣና ሲያርፍ እናያለን። እዚያው አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተ የኤሚሬትስ የበረራ ማሠልጠኛ አለ፤ በሌሎቹ ኤሚሬቶችም ሌሎች ማሠልጠኛዎች አሉ። እንግዲህ ከእኛ መካከል ልጁን ወይም ወንድሙን አብራሪ ለማድረግ ከደመወዙ እየቆጠበ ዓመታት ያሳለፈ ቢገኝ ምን ያስደንቃል?

እንዲህ ያለ አንድ ወንድም ነበረን። ታናሽ ወንድሙን አንድ ማሠልጠኛ አስመዝግቦ የመጀመሪያውን ክፍያ ሊከፍል ሲል በስልካችን የድምፅ መልእክት መጣ። “የዚያ ትምህርት ቤት አውሮፕላኖች አሮጌ ናቸው፤ ፈቃዳቸው የትም አይሠራም፤ ሊዘጋም ነው” ይላል። የትምህርት ቤቱን ስም አናነሣም፤ ከላይ ከጠቀስነውም አይደለም። ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ የጠየቀ አልነበረም። በማኅበር የምናገለግል እኛም “ለጥንቃቄ” ብለን መልእክቱን ለሌሎች አስተላለፍን።

ወንድማችን የመመዝገቢያውን ገንዘብ ትቶ መልእክቱ ወደሚያመሰግነው ወደ ሌላው ማሠልጠኛ ሄደ። ቆይቶ ሲጣራ ተናጋሪው ለሁለተኛው ትምህርት ቤት ተማሪ እያመጣ በሰው ቁጥር የሚከፈለው ደላላ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ከዚህ ሁሉ የከበደን ግን ሌላ ነው። ሐሜት ባወራንበት ትምህርት ቤት የአጥቢያችን ልጅ መካኒክ ሆኖ ይሠራ ነበር። በየማለዳው እጁን በቅባት ነክሮ የሚመረምረውን፥ “ለበረራ ብቁ ነው” ብሎ የሚፈርምበትን አውሮፕላን፥ እኛ በዓይናችን ሳናየው አሮጌ አልነው። ለሁለት ወር ያህል ከቅዳሴ ቀረ። ሄደን ስንጠይቀው አልተቆጣም። “ከእናንተ ጋር በየሳምንቱ እገናኝ ነበር፤ ለምን አልጠየቃችሁኝም?” ብቻ አለን።

ምእመናን ሆይ፥ እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ ልንሸሸው አይገባም። “የሰማነው እውነት ቢሆንስ? አውሮፕላን ጨዋታ አይደለም፤ ቢወድቅ ሰው ይሞታል። ሐሜት ነው ብለን ዝም እንበል?” የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከት ያልነፋው ጉበኛ በደም እንደሚጠየቅ ጽፎልናል። ዝምታም ኃጢአት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጉበኛው ግን ሰይፉን ያየው በዓይኑ ነው። እኛ ያየነው ምንድን ነው?

ይህ ፉክክር ዛሬ የተጀመረ እንዳይመስለን። በሀገራችን የበረራ ታሪክ መጀመሪያ ላይም ነበረ። ከትሪኒዳድ የመጣው ሁበርት ጁሊያን በ1923 ዓ.ም. ከንግሥ በዓሉ ጥቂት ቀደም ብሎ የንጉሠ ነገሥቱን አውሮፕላን ከስክሶ ከሀገር ወጥቶ ነበር። በ1927 ዓ.ም. ሲመለስ ከቺካጎ የመጣውን አብራሪ ጆን ሮቢንሰንን አገኘ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ሁለቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ተደባደቡ። የጠቡ ምክንያት “ስሜን በጋዜጣ አስጠፋህ” የሚል ክስ ነበር። ልብ በሉ፤ የጣልያን ጦር በድንበር ላይ ነበር፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ወረራው ተጀመረ። ኢትዮጵያ የነበሯት አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፥ ለእርሷ ሊበሩ የመጡት ሁለት ሰዎች ስለ ስማቸው ተጣሉ።

ከድል በኋላ ሮቢንሰን ተመልሶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን ማስተማር ጀመረ። በወረራው ጊዜ የቀይ መስቀል ቁስለኞችን በአውሮፕላን ያመላለሰው ስዊድናዊው ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘንም ተመልሶ በቢሾፍቱ የአየር ኃይሉን ሥልጠና ያዘ። በእነዚህም መካከል ጠብ ተነሣ፤ ሮቢንሰን እስከ መታሰር ደረሰ። ፍጻሜያቸውን ግን እንመልከት። ሮቢንሰን በመጋቢት 1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ በደረሰበት ጉዳት በአዲስ አበባ ሞተ። ሮዘን በ1966ቱ ረሃብ ለተራቡት እህል በአውሮፕላን አደረሰ፤ በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ ተገደለ። ሁለቱም ሕይወታቸው በኢትዮጵያ ምድር አለፈ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች እንዳስተማረው፥ የተከለና ያጠጣ በአንድ እርሻ ላይ የሚሠሩ ናቸው፤ ማሳደግ የእግዚአብሔር ነው። ያስተማሯቸው ልጆች ሲበሩ ሰማዩ “የማን ተማሪ ነህ?” ብሎ አልጠየቃቸውም።

ታዲያ ምስክርነትን ከሐሜት በምን እንለያለን? ከአብራሪዎች አንድ ልማድ እንማር። መቆጣጠሪያ ማማው ለአብራሪው “ወደዚህ ከፍታ ውጣ” ሲለው፥ አብራሪው የሰማውን መልሶ ይናገራል። ማማው ያዳምጣል፤ ተሳስቶ ከሰማ ወዲያው ያርመዋል። ቃሉ ወደ ተናገረው ተመልሶ ስለሚፈተን ስሕተት ሩቅ አይሄድም። ሐሜት ግን ወደ ፊት ብቻ ነው የሚሄደው። ወደ ተናገረው አይመለስም፤ ወደ ተነገረበትም አይሄድም።

ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያስቀመጠልን ሥርዓት ይኸው ነው። ወንድምህ ቢበድል አስቀድመህ ለብቻው ንገረው፤ ባይሰማ ምስክር ይዘህ ሂድ፤ ከዚያም ለቤተ ክርስቲያን አቅርብ። ቃሉ ጉዳዩን ሊያቀና ወደሚችል ሰው ይሄዳል እንጂ ሰምቶ ሊደነቅ ወደሚፈልግ ጆሮ አይሄድም። በዓለሙ ሥራም እንዲሁ ነው። አንድ ማሠልጠኛ ፈቃድ አለው ወይ የሚለውን የሚመልሰው የሀገሩ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። አውሮፕላኑ ጉድለት እንዳለበት በዓይኑ ያየም የሚናገረው ለትምህርት ቤቱና ለዚሁ ባለሥልጣን ነው። እንዲህ ያደረገ ሰው ሐሜተኛ አይባልም፤ ጉበኛ ነው።

ስለዚህ ስለ ትምህርት ቤት፥ ስለ አሠሪ፥ ስለ ኤጀንሲ ወይም ስለ ወንድማችን ክፉ ወሬ ሲደርሰን፥ ጣታችን ከማስተላለፉ በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። አይቻለሁን? የምነግረው ሰው ሊያቀናው ይችላልን? ይህ ወሬ ቢታመን የሚጠቀመው ማን ነው? ሦስቱን መመለስ ካቃተን፥ እዚያው እኛ ጋር ይቁም።

እኛም ያስተላለፍነውን መልእክት ለላክንላቸው ሁሉ “ሳናጣራ ነው የላክነው፤ ይቅር በሉን” ብለን ጻፍን። ስንቱ እንዳነበበው እግዚአብሔር ያውቃል። ወሬው የደረሰበት ሁሉ ይቅርታው አይደርስም፤ ዕዳችን ይህ ነው። መካኒኩ ወንድማችን ግን ተመልሶ መጥቷል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው ስለ በረራ ትምህርት ሊጠይቁን መጡ። እኛም ወደ እርሱ መራናቸው።

አንደበታችንን ከሐሰት፥ ጆሯችንን ከወሬ ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።