ቆፋሪው የሄደበት ጉድጓድ የማን ዕዳ ነው?

አንድ ሰው ጉድጓድ ቆፈረ እንበል። ውኃው ነጠፈ ወይም ገንዘቡ አለቀና ጥሎት ሄደ። ከዓመታት በኋላ የጎረቤት ልጅ ገባበት። ተጠያቂው ማነው? ቆፋሪው ነው እንዳንል የለም፤ የለም ብለን ዝም እንዳንል ጉድጓዱ አለ። ውድ አንባብያን፣ ለዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው፦ ባለቤት አልባ ጉድጓድን በሕዝብ ገንዘብ መድፈን ፍትሕ ነውን?

ጉዳዩ የሩቅ አገር ሊመስል ይችላል። በአሜሪካ ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ነዳጅ ያወጡ ኩባንያዎች ሲከስሩ ጉድጓዶቻቸውን ሳይደፍኑ ሄደዋል። ከነዚህ ጉድጓዶች ጋዝ ይተናል፤ ዘይትና ጨዋማ ውኃም ወደ መጠጥ ውኃ ሊሰርግ ይችላል። የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሕግ ለዚሁ ሥራ 4.7 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ትርፉ የነጋዴው፣ ዕዳው የግብር ከፋዩ ሆነ ማለት ነው።

በእኛም አገር የኦጋዴኑን ካሉብ ማንሣት ይበቃል። ጋዙን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያገኘው ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። በ1980ዎቹ ደግሞ የሶቪየት ባለሙያዎች ቆፈሩ፤ ሶቪየት ኅብረትም ፈረሰች። በ2013 ፖሊ ጂሲኤል የተሰኘው የቻይና ኩባንያ ውል ፈረመ፤ ውሉም በ2022 ተቋረጠ። ኩባንያ ይመጣል፣ ኩባንያ ይሄዳል። መሬቱና ከብት አርቢው ግን እዚያው ናቸው።

ወደ እኛ ወደ ሀብሩ ስንመለስ ነዳጅ የለንም፤ ጉድጓድ ግን አለን። ከቆቦ እስከ ጊራና ባለው ሸለቆ የመስኖ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። በየማሳው ጥግም ገበሬው በእጁ የቆፈረው አለ፤ በ1992 የወጣው የውኃ ሀብት አዋጅም በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ፈቃድ አልጠየቀም። ደግ አድርጓል፤ የተጠማ ሰው ማኅተም ፍለጋ ወልድያ ድረስ መመላለስ የለበትም። ዳሩ ግን ያለ ፈቃድ የተቆፈረው በየትኛው መዝገብ ይገኛል? እኔ በመርሳ ዙሪያ በእግሬ ስሄድ አፉ በእሾህ ብቻ የተከለለ ደረቅ ጉድጓድ አይቻለሁ። ፍየል የሚጠብቁ ሕፃናት በአጠገቡ ይሮጣሉ። የማን እንደሆነ ብጠይቅ አንዱ «የአባቴ ጎረቤት ነበር፣ ሞቷል» አለኝ፤ ሌላው «የማንም አይደለም» አለኝ።

«የማንም አይደለም» የምትለው ቃል ናት አደገኛዋ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 በሞሮኮ የአምስት ዓመቱ ራያን 32 ሜትር ጥልቀት ካለው ጠባብ ጉድጓድ ገብቶ፣ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን እያየው፣ ተራራ እየተናደ ለቀናት ተቆፈረለት። ሲደረስበት ሕይወቱ አልፎ ነበር። ለማውጣት የወጣው ጉልበት ጥቂቱ እንኳ አስቀድሞ አፉን ለመግጠም ውሎ ቢሆን ኖሮ!

በሕዝብ ገንዘብ መድፈኑን የሚቃወሙ ሁለት ነገር ያነሣሉ። አንደኛው፦ «ጥፋተኛውን ነፃ ማውጣት ነው» የሚል ነው። ክርክሩ ክብደት አለው። ፉቀሃዎቻችን በሕዝብ መንገድ ላይ ያለ አግባብ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ከጥንት ጀምሮ አስተምረዋል። ስለዚህ ቆፋሪው ከተገኘ ይክፈል። ካልተገኘስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወራሽ ያጣ ሀብት ለመንግሥት እንዲሆን ደንግጓል። ወራሽ ያጣውን ሀብት የሚወስድ፣ ወራሽ ያጣውን ጉዳት «አያገባኝም» ሊል እንዴት ይችላል? ጥቅሙን የሚያገኝ ሸክሙንም ይሸከማል ማለት በሸሪዓ ሊቃውንት ዘንድም የታወቀ መርሕ ነው።

ሁለተኛው፦ «ድሀ አገር ነን፤ ሕዝቡ ውኃ ተጠምቶ እያለ ገንዘቡ ለአዲስ ጉድጓድ ይዋል» ይላሉ። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ በአካባቢያችን ያደረሰውን ጉዳት ላየ ሰው ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። ነገር ግን አዲሱና አሮጌው ጉድጓድ ከአንድ የከርሰ ምድር ውኃ የሚጠጡበት ጊዜ አለ። ክፍት የቀረው አሮጌ ጉድጓድ የክረምቱን ጎርፍ፣ የከብቱን እበትና የሞተውን እንስሳ ይዞ ወደ ታች ሲወርድ፣ አዲሱ ያወጣልን ምንድን ነው? ወጪውም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ጥልቁ ጉድጓድ ባለሙያ፣ ሲሚንቶና በጀት ይፈልጋል፤ ይህን መንግሥት ይቻል። ሊጠገን የሚችለው ደግሞ አይደፈን፤ በክዳን ይቆለፍ። በእጅ የተቆፈረውን ግን ንጹሕ አፈርና ሸክላ ጭቃ እየጠቀጠቁ ለመሙላት አንድ የደቦ ቀን ይበቃል፤ ወሎዬ ደግሞ ደቦ አያስተምሩትም።

ለወደፊቱስ? የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለ ፈቃዱ መሬቱን መልሶ ለማስተካከል ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል። ይህ አስተሳሰብ ለውኃ ጉድጓድም ይበጃል፤ ትልልቁን የሚቆፍር ድርጅት የመድፈኛውን ገንዘብ ከሥራው በፊት ያስይዝ። ከሄደ በኋላ ማሳደድ ከንቱ ድካም ነው።

እንግዲህ የኔ አቋም ይህ ነው፦ መጀመሪያ ይደፈን፣ ከዚያ ዕዳው ይጠየቅ። ፍርድ ቤት ባለዕዳውን እስኪያገኝ ዓመታት ቢፈጅ የሚጎድለው ገንዘብ ነው፤ ጉድጓዱ ክፍት ሆኖ ቢቆይ ግን የሚጎድለው ሕፃን ነው። ቀበሌዎቻችን ክረምቱ ሣሩን አሳድጎ የጉድጓዱን አፍ ሳይሸፍነው በፊት ያሉትን ይቁጠሩ፤ እኛም የምናውቀውን እንንገራቸው። እያወቀ ያለፈ ሰው «የማንም አይደለም» ለማለት ምክንያት የለውም።

አላህ ከቸልተኝነት ይጠብቀን።