ሳይጨምሩ መዋሸት

ሐሰት ማለት ያልነበረውን መጨመር ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ አንድ ቃል ሳይጨምር የተናገረ ሁሉ ራሱን እንደ እውነተኛ ምስክር ይቈጥራል። ይህን አሳብ በፎቶግራፍ ሥራ ልመርምረው።

ፎቶግራፍን ከፊልም ወደ ወረቀት ለማውጣት ከሁሉ የሚቀለው መንገድ፣ በጉንደ ወይን ባለች ጓዳ እንኳ ሊሠራ የሚችለው፣ ኔጋቲቩን በወረቀቱ ላይ አስተኝቶ ማተም ነው። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ይጋረዳል፤ ቀይ መብራት ይበራል። መድኃኒት የተቀባው የፊልሙ ፊት መድኃኒት ከተቀባው የወረቀቱ ፊት ጋር ይገጠምና በመስተዋት ይጫናል፤ ነጭ ብርሃንም ለጥቂት ሰኮንድ ይሰጠዋል። ከዚያ ወረቀቱ በሦስት ሳሕን ያልፋል፤ በመጀመሪያው ሥዕሉ ይወጣል፣ በሁለተኛው መውጣቱ ይቆማል፣ በሦስተኛው ይጸናል። በመጨረሻም በብዙ ውሃ ይታጠባል። በፊልሙ ላይ 6 ሳንቲ ሜትር የነበረው በወረቀቱም ላይ 6 ሳንቲ ሜትር ነው።

እነሆ ታማኝ ምስክር፣ ያሰኛል። ነገር ግን ብርሃኑ ሲያንስ ሥዕሉ ይገረጣል፤ የነጠላው ጥለት ይጠፋል። ብርሃኑ ሲበዛ ይጠቁራል፤ የጠይም ሰው ፊትና ጠጕሩ አንድ ጥላሸት ይሆናሉ። ኔጋቲቩ አንድ ነው፤ አንዲት ነጥብ አልተጨመረበትም፤ የወጣው መልክ ግን ሁለት ነው።

ይህ በአገራችን ታሪክ ትንሽ ጉዳይ አልነበረም። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረዱበት ዘመን፣ በሙስሊም ልብስ የሚታዩበት ፎቶግራፍ ሃይማኖት ለመለወጣቸው ማስረጃ ነው ተብሎ ተወርቷል። በብልሃት የተቀናበረ ነው የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ አልተቋረጠም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ እውነተኛ ቢሆንስ? ፎቶግራፍ የሚመሰክረው ሰው በዚያች ሰዓት የለበሰውን ነው፤ ያመነውን አያሳይም። ከዚያ አልፎ የሚፈርደው ተመልካቹ ነው።

በሽማግሌ ፊትም እንዲሁ ነው። ሁለት ጐረቤቶች በእርሻ ድንበር ተጣልተው ሲቀርቡ፣ «ይህ ሰውዬ ዱላ ሲያነሣ አይቻለሁ» ብሎ የሚቀመጥ ምስክር ቃል አልጨመረም። አስቀድሞ የተወረወረውን ድንጋይ አይቶ ዝም ካለ ግን ብርሃኑን ለአንዱ ወገን ብቻ ሰጥቷል። በዚህ ዝምታ መሬቱን የሚያጣ ሰው አለ።

እንዲህ ከሆነ እውነተኛ ምስክር ከቶ አይገኝም የሚል ይኖራል። ይህ ግን የሰነፍ መደምደሚያ ነው። ብልህ አታሚ ዋናውን ከማተሙ በፊት በቁራጭ ወረቀት ይሞክራል፤ ወረቀቱን ደረጃ በደረጃ እየሸፈነ 2፣ 4፣ 6፣ 8 ሰኮንድ ብርሃን ይሰጠዋል፤ የነጠላው ጥለትም የፊቱም ጠይምነት አብረው የሚታዩበትን ልክ ይመርጣል። ያ ልክ የሚገኘው በድካም ነው፤ ነገር ግን ይገኛል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ስለ ሰው እንድትመሰክር በተጠራህ ጊዜ፣ ምን እንደ ጨመርህ ራስህን ከጠየቅህ በኋላ ምን እንደ ሸፈንህም ጠይቅ። ይልቁንም የምትመሰክርበት ሰው የምትጠላው ከሆነ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ጠይቅ።